ሁለተኛውን ተይው አትበሉኝ፦ ኒው ሙንን እንዴት እንደምታዩት

ባለፈው ገበያ የዋለ ቀን ሁለት ልጃገረዶች ፎቶ ቤቴ ገቡ። አንደኛዋ ስምንት ጊጋ ፍላሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። «እታለም፣ ትዋይላይትን ሙሉውን ጫኝልን» አለችኝ። ሙሉው አምስት ፊልም ነው። ፍላሹን ስከፍተው ግማሹን የወንድሟ ሠርግ ይዞታል። አምስቱ አይገቡም፣ አንዱ መቅረት አለበት። ልጅቱ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

«ሁለተኛውን ተይው! እሱ ላይ ለቅሶ እንጂ ምን አለ?»

የሁለተኛው፣ የኒው ሙን፣ ዕጣ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ቦታ ሲጠብ የሚወረወረው እሱ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ጎን ለጎን ፊልም እጭናለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ኒው ሙንን ብቻ ስጪኝ» ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከአምስቱ አንዱን ብቻ አስቀሪ ብባል የማስቀረው እሱን ነው። ልጆቹን በዚያች ሰዓት ማስረዳት አልቻልኩም፤ ሦስት ሰው ለጉርድ ፎቶ ተሰልፏል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ማንም አላየውም እያልኩ አይደለም። ፊልሙ አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2009 ነው። በእኛ ኅዳር 11 ቀን 2002 መሆኑ ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ። በዚያች አንድ ቀን ብቻ እዚያው አገር 72.7 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በጊዜው የአንድ ቀን ገቢ ክብረ ወሰን ነበር። ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን በላይ ሰብስቧል። ሰው ሞልቶ አይቶታል እንግዲህ። የናቀውም አይቶ ነው። ሃያሲው «ይንቀረፈፋል» አለ፤ አድናቂው «ኤድዋርድ የታለ?» አለ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊልሙ ይንቀረፈፋል፣ ኤድዋርድም የለም። እኔ የምወደውም በዚህ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤላ የምትባል ልጅ ፎርክስ በምትባል ዝናባም ከተማ ትኖራለች። ኤድዋርድ የሚባል ደም መጣጭ ትወዳለች። እሱም ይወዳታል። አንደኛው ፊልም መዋደዳቸው ነው። ሁለተኛው ላይ ልጁ «ከእኔ ጋር ሆነሽ ደህና አትሆኝም» በሚል ሐሳብ፣ እንደማይፈልጋት አስመስሎ፣ ጫካ ውስጥ ጥሏት ይሄዳል። ከዚያ እስከ መጨረሻው አካባቢ የለም። አልፎ አልፎ እንደ ጭስ ብቅ ይላል እንጂ።

እንግዲህ የፍቅር ፊልም ብላችሁ ከከፈታችሁት ትከስራላችሁ። የቀረች ሰው ፊልም ነው ብላችሁ ክፈቱት። የሄደው የት እንደዋለ፣ ምን እንደበላ አይነግራችሁም። የቀረችው እንዴት እንደምትውል ነው የሚያሳየው።

ይኼ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ከእኛ ከተማ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የበዛብህን አገር። በዛብህ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሸሽ ሰብለ ወንጌል ትቀራለች። ሰብለን «ምነው ይቺ ልጅ ለቅሶ አበዛች» ብሎ የሚሰድብ የጎጃም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቤላ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም «ኤጭ፣ ደበረችኝ» ይላል። ለሰብለ የሰጣችሁትን ትዕግሥት ግማሹን ለቤላ ስጧት። ሌላ ነገር አልለምናችሁም።

እኔም እንደ ልጆቹ ነበርኩ። መጀመሪያ ያየሁት በ2003 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ነው። ስድስት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ። ኤድዋርድ ከሄደ በኋላ አንዷ ማሳለፊያውን ተጭና እሱ እስኪመለስ አልለቀቀችም። መጨረሻው ላይ፣ ጣሊያን ስንደርስ አጨበጨብን። «አየነው» አልን። መሀሉን አንድም ቀን አላየነውም።

ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። እጮኛዬ ሰኔ ላይ «ሥራ አግኝቻለሁ፣ ስመቻች እደውላለሁ» ብሎ ሄደ። አልደወለም። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ብቻ ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ሱቄን ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፊልም ሁሉ ሳገላብጥ እሱን ከፈትኩት። አላሳለፍኩም።

ስሙን አስተካክላችሁ ተርጉሙት

ፍላሽ የሚያስጭኑኝ ልጆች «አዲስ ጨረቃ» ይሉታል። ስሙ እንደ ሠርግ ዘፈን ደስ ይላል። ሰው ደስታ ጠብቆ ይከፍተውና ይናደዳል።

ጎረቤቴ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ መሪጌታ ናቸው። አንድ ቀን ወረቀት ላሚኔት ሊያስደርጉ መጡና ጠየቅኋቸው። «የኔታ፣ ፈረንጅ አዲስ ጨረቃ የሚላት የትኛዋን ነው?» መሣሪያው እስኪሞቅ ጊዜ ነበራቸው።

«ልጄ፣ ጨረቃ አዲስ የምትሆነው ስትጠፋ ነው» አሉኝ። «ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ትገባለች። ያን ማታ ሰው ቀና ብሎ ጨረቃ የለችም ይላል። አለች እንጂ።»

ላሚኔሽኑን በነጻ ሠራሁላቸው። ለካ የፊልሙ ስም ጨለማው ሌሊት ነው። ጨረቃዋ አለች፣ አትታይም። ኤድዋርድ በሌለበት በእያንዳንዱ ደቂቃ ይኼን አስታውሱ። ስሙ ገብቷችሁ ስትከፍቱት ቢያንስ የተታለላችሁ አይመስላችሁም።

መቼ ይታይ?

ሐምሌ ወይም ነሐሴ። ያለ ምንም ክርክር።

ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ ደራሲ ፎርክስን የመረጠቻት በአሜሪካ እጅግ ዝናባም የሆነ ቦታ ፈልጋ ነው። ደም መጣጮቿ ፀሐይ ላይ ቆዳቸው ስለሚያንጸባርቅ ደመና ያስፈልጋቸዋል። ሐምሌን እንጅባራ የከረመ ሰው ፎርክስን ለመረዳት ካርታ አያሻውም። ያው ጭጋግ ነው፣ ያው እርጥብ ዛፍ ነው፣ ያው ከቤት የማያስወጣ ቀን ነው። በጥር ፀሐይ፣ በር ከፍታችሁ፣ ውጭ የጥምቀት ዘፈን እየተሰማ ኒው ሙንን ብታዩ «ምን ሆና ነው?» ማለታችሁ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፊልሙ የሚጀምረው በቤላ ልደት ነው፣ ሴፕቴምበር 13። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ላይ ይውላል። እኛ አደይ አበባ ቆርጠን፣ ክረምት ወጣ ብለን የምንዘፍንበት ሳምንት ነው። እሷ ያኔ ነው ክረምት የምትገባው። ስጦታ ስትከፍት ወረቀት ጣቷን ይቆርጣታል፣ አንዲት ጠብታ ደም ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይበላሻል። እኔ መስከረም 3 በመጣ ቁጥር ይቺ ጣት ትዝ ትለኛለች። በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

የክረምት ምክሬ አንድ ችግር አለው። የቆርቆሮ ጣራ ያላችሁ ድምፅ አትሰሙም። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ይኼን ለቅንጦት አይደለም የምለው። የዚህኛውን ፊልም ሙዚቃ የሠራው አሌክሳንደር ዴስፕላ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ አንደኛውን የሠራው ሌላ ሰው ነበር። ዴስፕላ ብዙ ቦታ ላይ ፒያኖና ቫዮሊኑን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስገባው። በቲቪ ድምፅ ማጉያና በዝናብ መሀል ግማሹ ይጠፋል።

ሌላው፣ በአማርኛ የተተረከውን ቅጂ አትውሰዱ። እኔ ራሴ እሸጣለሁ፣ ለድርጊት ፊልም ግሩም ነው፣ እናቴ ሌላ አታይም። ነገር ግን ተራኪው ዝም ማለት አይችልም። ቤላ ዝም ስትል እሱ «አሁን ልጅቷ በጣም አዝናለች» ይላል። እናያለን እኮ ወንድሜ! ከጽሑፉ ጋር ያለውን ውሰዱ። የጽሑፉ ፋይል ስም ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር በፊደል በፊደሉ አንድ ይሁን፤ አለበለዚያ ቲቪያችሁ አያነበውም። «ጽሑፉ አልመጣም» ብለው ከሚመለሱልኝ ደንበኞች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኼው ነው።

የቲቪውን ቀለም አውርዱ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነው።

አንደኛው ፊልም ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። የሰው ፊት ሁሉ የበረደው ይመስላል። ሁለተኛውን ክሪስ ዋይትስ የሚባል ሌላ ዳይሬክተር ሠራው፣ ካሜራውንም ሐቪየር አጊሬሳሮቤ የሚባል ስፔናዊ ያዘ። እነሱ ቀለሙን ቀየሩት። ወርቃማ፣ ቡናማ፣ እንደ ቆየ ፎቶ ሆነ። ፎቶ ቤት ያረጀ የቤተሰብ ፎቶ ሊያስባዙ ሲያመጡልኝ የማየው ቀለም ነው። ያለፈ ነገር ቀለም። ልጅቷ ያለችው ትናንት ውስጥ ነውና ልክ ነው።

የብዙ ቤት ቲቪ ግን ከሱቅ ሲወጣ «ቪቪድ» በሚባለው ላይ ነው የሚመጣው። ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ነው እንደዚያ የሚደረገው። በዚያ ላይ ካያችሁት ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ፤ ኤድዋርድም የስንዴ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል። ሪሞቱን አንሱ፣ ሜኑ ግቡ፣ ፒክቸር የሚለውን ክፈቱ፣ «ሙቪ» ወይም «ስታንዳርድ» አድርጉት። ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ፣ የክፍሉን አምፖል ጥፍት። አለቀ።

አሁን ወደ ወንበሩ።

ኤድዋርድ ከሄደ በኋላ ቤላ ክፍሏ ውስጥ መስኮት ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞራታል። ፊቷን አልፎ፣ ጀርባዋን አልፎ፣ መስኮቱ ላይ ይደርሳል። ኦክቶበር የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ካሜራው መዞሩን አያቆምም። ተመልሶ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ውጭው ሌላ ሆኗል። ኖቬምበር። ደግሞ ይዞራል። ዲሴምበር፣ በረዶ። እሷ ያው ናት። ሊኬ ሊ የምትባል የስዊድን ዘፋኝ ከሥር ታንጎራጉራለች። አንዲት ቃል አይነገርም።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይኼ ከየት እንደመጣ ያውቃል። መጽሐፉ ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ አራት ባዶ ገጾች አሉ። አንዱ ላይ ኦክቶበር ብቻ፣ አንዱ ላይ ኖቬምበር፣ ከዚያ ዲሴምበር፣ ከዚያ ጃንዋሪ። ሌላ ምንም አልተጻፈም። አንዲት ደንበኛዬ መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ብላ አምጥታ «እነዚህ አራቱ ሳይታተሙ የቀሩ ናቸው፣ ዝለያቸው» ብላኛለች። ገጽ በብር ነዋ፣ አልፈርድባትም።

ይኼን ቦታ እንዲህ እዩት። ስልካችሁን አስቀምጡ። መጀመሪያ መስኮቱን ብቻ ተከታተሉ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሱና ፊቷን ብቻ እዩ። ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ካሜራው መቼ ከጀርባዋ እንደሚሆን፣ ያኔ ምን ያህል ትንሽ እንደምትመስል እዩ። በጣም አጭር ትዕይንት ነው፣ ሦስቴ ብታዩት ሻይ አይቀዘቅዝባችሁም።

እኔ ያን ክረምት ሱቄ ግድግዳ ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነበረኝ፣ ወሩ ሲያልቅ የሚገለበጥ። አንድ ቀን ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ እናንተ ቤት ገና ሐምሌ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጥቅምት ገብቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከፊቱ ተቀምጬ አልገለበጥኩትም። እና ያቺ ካሜራ ስትዞር፣ ፊልም ሠሪው አጋኗል ብትሉኝ አልሰማችሁም።

ከዚያ ቀጥሎ ቤላ ለኤድዋርድ እህት ለአሊስ ኢሜይል ትጽፋለች። ኢሜይሉ አልደረሰም ተብሎ ይመለሳል። እሷ መጻፏን አታቆምም። ኢንተርኔት ላይ የሚስቁበት ሰዎች አሉ። መልእክት ልካ፣ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ሲቀር ያየች ሴት አትስቅም።

ጃኮብን በእጁ እዩት

ጃኮብ ማለት ለቤላ የሚቆምላት የሰፈሩ ልጅ ነው። ሰው ስለሱ የሚያወራው ሸሚዙን ስለማውለቁ ነው። እውነት ነው፣ ያወልቃል፣ በየደቂቃው። ተዋናዩ ቴይለር ላውትነር ሁለተኛው ላይ በሌላ ሰው ሊተካ ነበርና ቦታውን ላለማጣት ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ጨምሮ ነው የመጣው። ልፋቱን ማሳየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ከደረቱ ወደ እጁ ውረዱ።

ቤላ ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክል ጭና ትሄድለታለች። የተጣሉ፣ ዝገት የበላቸው ናቸው። ልጁ ለምን አይላትም። ይጀምራል። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ አብረው ይውላሉ። እሱ ይፈታል፣ እሷ ቁልፍ ታቀብላለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትስቀው እዚያ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ጠጋኝ ነው፣ ጋራዡም ከሱቄ ጀርባ ነው። ያን ክረምት ከሰዓት ከሰዓት እዚያ ሄጄ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። «አሥራ ሁለት ቁጥር» ይላል፣ አቀብላለሁ። «እሱ አሥራ አራት ነው» ይላል፣ እቀይራለሁ። ስለ ሄደው እጮኛዬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ስለዚህ ለእኔ የፊልሙ ልብ ጣሊያን አይደለም፣ ጋራዡ ነው።

ቤላን ግን ነጻ አታውጧት። ልጁ እንደሚወዳት ታውቃለች። እሷ ሞተሩን የፈለገችው አደጋ ላይ ስትወድቅ ኤድዋርድ ዓይኗ ላይ ስለሚመጣ ነው። ጃኮብ ለእሷ ፈውስ ነው፣ እሷ ለእሱ በሽታ። ፊልሙ ይኼን አይደብቅም። ከሌሎቹ ከአራቱ የሚበልጥበት አንዱ ይኼ ነው፦ ሦስቱም ይሳሳታሉ፣ ሦስቱም ደግሞ ያሳዝናሉ።

ተኩላው ሲመጣ አትሳቁ

ጃኮብ ተኩላ ይሆናል። ተኩላው ፈረስ ያህላል። አዲስ አበባ ያደጉ ጓደኞቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ። እኛ ጎጃሜዎች ልንስቅ አይገባም። ሰው ማታ ጅብ ይሆናል የሚል ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው። ይባስ ብሎ ሌላው አገር ወሬውን በእኛው ላይ ነው የሚያወራው። «ጎጃሜ ነሽ? እንዳትበይኝ!» ያላለኝ የዶርም ልጅ አልነበረም።

ቀልዱ ግን ሌላ ነገር አሳስቦኛል። እዚሁ አገራችን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ቡዳ እያሉ ስንቱን አገለሉ። ፊልሙ ላይ የጃኮብ ወገኖች የሆኑት ኩዊሉቶችም በእውን ያሉ ሰዎች ናቸው። ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት፣ ላ ፑሽ በሚባል የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ የአገሬው ነባር ሕዝብ ናቸው። የመጀመሪያ አባቶቻቸው ከተኩላ ወደ ሰው እንደተለወጡ የሚናገር የራሳቸው ጥንታዊ ትረካ አላቸው። ከደም መጣጭ ጋር መዋጋቱን ግን ደራሲዋ ናት የጨመረችው። ስታዩ ይኼን ለዩ። የእነሱን አንድ ቅንጣት ወስዳ የራሷን ቤት ሠርታበታለች። ፊልሙን መውደድና ይኼን ማወቅ አይጣሉም።

አባትየውን እንዳታልፉት

ቻርሊ የቤላ አባት ነው፣ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ። ጢም አለው፣ ብዙ አያወራም። የኛን አባቶች ይመስላል። ቤላ ሌሊት በቅዠት ስትጮህ ሮጦ ይገባል። ምን እንደሚላት አያውቅም። ጠዋት መኪናዋ ጋ ቆሞ «ወደ እናትሽ ሂጂ» ይላታል። የሚላት ሊያባርራት ፈልጎ አይደለም። እሱ እንዳቃተው መናገሩ ነው። ፊቱን እዩት ያኔ። አባቴ ያን መስከረም አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከገጠር መጣና ሱቄ በር ላይ አወረደው። «ለብቻሽ አይደለሽም፣ ብይ» አለና በመጣበት መኪና ተመለሰ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ጣሊያን

መጨረሻው ፈጣን ነው፣ እኔም በፍጥነት ልለፈው። ቤላ ከገደል ባሕር ውስጥ ትዘላለች። የአባቷ ጓደኛ ደግሞ በዚያው ቀን በልብ ሕመም ይሞታል። ኤድዋርድ ስልክ ሲደውል ጃኮብ አንስቶ አባትየው የቀብር ጉዳይ ላይ እንደሆነ ይነግረዋል። ኤድዋርድ የተቀበረችው ቤላ መሰለችው። ሊሞት ወደ ጣሊያን ሄደ። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሮሚዎና ዡልዬት» ያነበበ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ በተሳሳተ ወሬ የሚሞት አፍቃሪ ነው። ፊልሙም አልደበቀም፣ መጀመሪያ ላይ ክፍል ውስጥ የሚያዩት ፊልም ይኸው የሼክስፒር ታሪክ ነው። እዚያ ጋ ስልካችሁን ስትነካኩ ካለፋችሁት መጨረሻው ድንገተኛ ይሆንባችኋል።

ከተማዋ ቮልቴራ ትባላለች፣ የተቀረጸው ግን ሞንቴፑልቻኖ በምትባል ሌላ የጣሊያን ከተማ ነው። አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ቀይ ካባ ለብሷል። ቤላ በመሀላቸው ትሮጣለች። ደመራ ቀን በሕዝብ መሀል የጠፋ ልጅ የፈለገ ሰው ያቺን ሩጫ ያውቃታል።

ድክመቶቹን አልክድም። ኤድዋርድ እንደ ጭስ ብቅ የሚልበት ነገር አንዴ ይበቃ ነበር። አሊስ ስለ ወደፊቱ የምታየው ራእይ ደግሞ አለ፣ ሁለቱ ጫካ ውስጥ ቀስ እያሉ የሚሮጡበት። እሱን እንኳን እናንተ እኔም አልከላከልለትም። ቡናችሁን ለመቅዳት ደህና ጊዜ ነው።

ፊልሙ የሚያልቀው ኤድዋርድ አግቢኝ ሲላት ነው። መልሷ ሳይሰማ ስክሪኑ ይጠቁራል። እዚያ ላይ አቁሙ። ሦስተኛውን ያን ማታ አትክፈቱ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። እነዚያ ስድስት የዶርም ልጆች ያጠፋነው አንዱ ትልቅ ጥፋት ይኼ ነው፦ ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ መልሱን ከፈትነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። የወንድሟን ሠርግ ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬ፣ ከፍላሹ አጥፍቼ፣ አምስቱንም ጫንኩላቸው። «ፊልሞቹን ስትጨርሱ መጥታችሁ ሠርጉን ትወስዳላችሁ» አልኳቸው። በሳምንቱ ትንሿ ብቻዋን መጣች። ፍላሹን አልያዘችም። ስልኳን አወጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እታለም፣ ያቺን ወንበር ላይ የምትቀመጥበትን ብቻ ቆርጠሽ ስልኬ ላይ ጫኝልኝ» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው አላልኳትም። ቆረጥኩላት።

ሠርጉ እስካሁን እኔ ጋ ነው።